ቴሌቪዥኑ የዋጠው ጠርዝ

መርሳ ውስጥ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ማመልከቻና ሲቪ እየጻፈች፣ ፎቶ ኮፒ እያነሳች የምትኖር አንዲት ልጅ አለች። ሞኒተሯ ተቃጠለባት። አዲስ መግዣ እስክታገኝ ብላ ከቤቷ 32 ኢንች ቴሌቪዥን አምጥታ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘች። ምስሉ ወዲያው መጣ። ሥራ ስትጀምር ግን ከታች ያለው ታስክባር ከግማሽ በላይ የለም። መስኮት የምትዘጋበት የኤክስ ምልክት ከላይ ቀኝ ጥግ ተቆርጧል። በአማርኛ እየጻፈች ይሁን በእንግሊዝኛ የምትለይበት ትንሿ ምልክትም ከታች ቀኝ ጥግ ጠፍታለች። ባለጉዳዩ ፊት ለፊቷ ቆሞ እየጠበቀ እሷ በግምት ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች።

እኔ ስደርስ ለአንድ ጥገና ቤት ከፍላ ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ አስጭናለች። “ጋሼ፣ አሁንም ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ አብቅቶለታል መሰለኝ” አለችኝ።

“ኮምፒውተርሽ ደህና ነው፤ ሪሞቱን አምጪልኝ” አልኳት።

ሪሞቱ እቤት ነበርና ታናሽ ወንድሟ ሮጦ አመጣው። ከዚያ በኋላ በሪሞቱ የነበረው ሥራ ሁለት ደቂቃም አልፈጀም። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ቁጭት ነው። ልጅቷ ያወጣችው ገንዘብ የስንት ማመልከቻ ክፍያ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የወጣውም ላልታመመ ዕቃ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ገንዘብ እንዳያወጣ ነው።

በእኛ አካባቢ ቴሌቪዥንን በሞኒተር ቦታ ማዋል እንግዳ ነገር አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና ዙሪያዋ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ውስጥ ባለፉባቸው ወራት የወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማትና ግለሰቦች ንብረታቸው ተዘርፏል። ከዚያ በኋላ ሥራ የጀመረ ሰው ያገኘውን ዕቃ ከሌላው ጋር አጋጥሞ ነው የጀመረው። ሲፒዩ ከአንዱ፣ ኪቦርድ ከሌላው፣ ስክሪኑ ደግሞ ግድግዳ ላይ ከነበረው ቴሌቪዥን። ያ ቴሌቪዥን በትክክል ከተስተካከለ ለጽሕፈትም፣ ለሒሳብም፣ ለማስተማርም የሚበቃ ስክሪን ነው።

ጠርዙ ለምን ይቆረጣል?

ምክንያቱን ካወቁ መፍትሔው የት እንዳለ ራስዎ ያገኙታል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት፣ ቴሌቪዥን ማለት ጀርባው ወደ ኋላ የተለጠጠ ከባድ ሣጥን ነበር። ምስሉን የሚሥለው ከኋላ ተነስቶ መስታወቱን የሚመታ የኤሌክትሮን ጨረር ነው። የጨረሩ ስፋት በኤሌክትሪኩ ኃይል ይወሰናል። ማምሻ ላይ ሰፈሩ ሁሉ አምፖሉንና ምድጃውን ሲያበራና ኃይል ሲወርድ፣ ምስሉ ከዳር ወደ መሐል ሲሰበሰብና ዙሪያው ጥቁር ሲሆን ያየ ሰው በእኛ አገር ብዙ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲያረጅም እንዲሁ ያደርጋል።

ፋብሪካዎቹ ይህን ለመሸፈን ምስሉን ከመስታወቱ አስበልጠው መሣል ጀመሩ። ትርፉ ከፍሬሙ ውጪ ይፈስሳል፤ ኃይል ቢወርድም ጥቁር ጠርዝ ቶሎ አይታይም። ይህ አሠራር ኦቨርስካን ይባላል። ጣቢያዎቹም ጠርዙ እንደሚቆረጥ ስለሚያውቁ ጽሑፍና የሰው ፊት ከዳር አርቀው ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ ማንም ምንም ጎደለብኝ አላለም።

ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ ጨረሩ ቀረ፤ እያንዳንዷ የምስል ነጥብ (ፒክስል) ቦታዋ የተወሰነ ነው፣ ምስል የሚሰበሰብበት ምክንያት የለም። ልማዱ ግን አልቀረም። ብዙ ቴሌቪዥኖች በኤችዲኤምአይ የሚገባላቸውን ሁሉ ፊልም ወይም የጣቢያ ሥርጭት ነው ብለው ወስደው በራሳቸው ፈቃድ ያሰፉታል።

በቁጥር እንየው። ኮምፒውተርዎ 1920 በ1080 ነጥብ ይልካል እንበል። ቴሌቪዥኑ 5 በመቶ ከቆረጠ ከላይ 27፣ ከታች 27፣ ከግራ 48፣ ከቀኝ 48 ነጥብ ይጠፋል። የዊንዶውስ 10 ታስክባር ቁመት በመደበኛው መጠን 40 ነጥብ ነው። 27ቱ ከተበላ የሚቀርልዎ 13 ብቻ ነው። የመርሳዋ ልጅ ታስክባር ከግማሽ በላይ የጠፋው በዚህ ስሌት ነው።

ጉዳቱ በጠርዙ አያበቃም። የተረፈው 1824 በ1026 ነጥብ ተለጥጦ ሙሉውን ስክሪን እንዲሞላ ይደረጋል። አንዷ ነጥብ በአንድ ነጥብ ላይ መቀመጧ ቀርቶ በሁለት መካከል ትወድቃለች፤ ፊደሉ ይደበዝዛል። ለላቲን ፊደል ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በእኛ ፊደል ግን ሉ እና ሊ የሚለያዩት አንዲት ጭረት መሐል ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ነው፤ ተ እና ቸ፣ ዘ እና ዠ የሚለያዩት በራስ ላይ ባለች መስመር ነው። በደበዘዘ ስክሪን የሰው ስም የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል። የተሳሳተ ስም ይዞ የሄደ ባለጉዳይ ደግሞ ከየቢሮው ይመለሳል። በመፍትሔው ቅደም ተከተል ላይ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው፦ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ኮምፒውተሩን በመጨረሻ።

ሳይነኩ ይመርምሩ

አንድ መስኮት ከፍተው ስክሪኑን ሙሉ ያስሞሉት። አራቱንም ጠርዝ በተራ ይመልከቱ።

አራቱም ዳር በተቀራራቢ መጠን ከተቆረጠ ኦቨርስካን ነው። ላይና ታች ብቻ ከተቆረጠ ቴሌቪዥኑ ዙም ላይ ነው፤ አንድ ሰው ፊልም ሲያይ ለውጦት ረስቶታል። አንዱ ጎን ተቆርጦ በተቃራኒው ጎን ጥቁር መስመር ከታየ የቪጂኤ ኬብል ጉዳይ ነው፤ እሱን ለብቻው እመጣበታለሁ። በአራቱም ዳር ጥቁር ጠርዝ ካለ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮምፒውተሩ ምስሉን አሳንሶ እየላከ ነው። ሁሉም ነገር ትልልቅ ሆኖ ግን ምንም ካልተቆረጠ፣ የዊንዶውስ የማጉያ መጠን ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ላፕቶፕ ካገናኙ አንድ ሌላ ነገር ይጠርጥሩ። አይጧ ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ወጥታ ላፕቶፑ ላይ የምትገባ ከሆነ ሁለቱ ስክሪኖች እንደ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ተቀጣጥለዋል። ታስክባሩ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አልተቆረጠም። የዊንዶውስ ቁልፍንና ፒን አብረው ተጭነው ዱፕሊኬት፣ ወይም በቴሌቪዥኑ ብቻ ለመሥራት ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ የሚለውን ይምረጡ። ከሁለቱ እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ዱፕሊኬት ሲሆን ሁለቱም ስክሪኖች በአንድ የነጥብ ብዛት ስለሚስማሙ ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ከአቅሙ በታች ይሠራል።

ለዓይን መለኪያ የሚሆን ነገር ከፈለጉ ፔይንት ይክፈቱ፤ የሥዕሉን መጠን 1920 በ1080 አድርገው በአራቱም ዳር ላይ ቀይ መስመር ያስምሩ፤ ሥዕሉን አስቀምጠው የዴስክቶፕ ጀርባ ያድርጉት። የታችኛውን መስመር ታስክባሩ ይሸፍነዋል፤ ቀዩ መስመር በሌሎቹ ሦስት ዳሮች፣ ከታች ደግሞ ታስክባሩ ሙሉ በሙሉ የታየ ዕለት ሥራው አልቋል። እኔ ይህችን ሥዕል በፍላሽ ይዤ ነው የምዞረው።

ሪሞቱ ይቅደም

ከሁሉ በፊት ቴሌቪዥኑን ያብሩ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቴሌቪዥኑን “ምን ያህል ነጥብ ትቀበላለህ?” ብሎ በኬብሉ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ በግምት ይልካል። ከዚያ ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርገው ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ይግቡ፤ ሪዞሉሽኑን 1920 በ1080 ያድርጉ። ይህን የማስቀድመው ለምክንያት ነው። በብዙ ቴሌቪዥኖች የምንፈልገው ምርጫ ዝቅተኛ ምስል ሲገባ ይደበቃል ወይም ግራጫ ሆኖ አይነካም። “የእኔ ላይ የለም” ብለው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ብዙዎቹ ምርጫው ያልታያቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ሪሞቱን ያንሱ። የምንፈልገው ነገር አንድ ሆኖ ስሙ በየፋብሪካው የተለያየ ነው።

ሳምሰንግ ላይ ፒክቸር ሳይዝ ይባላል። በቆዩት ሪሞቶች ላይ ፒ ሳይዝ የሚል ቁልፍ አለ፤ እየደጋገሙ ሲጫኑ ስክሪን ፊት የሚል ይመጣል፣ እሱ ላይ ያቁሙ። በአዳዲሶቹ ከሴቲንግስ ወደ ፒክቸር፣ ከዚያ ወደ ፒክቸር ሳይዝ ሴቲንግስ ገብተው ፊት ቱ ስክሪን የሚለውን ያበሩታል። ኤልጂ ላይ ሬሾ ወይም አስፔክት ሬሾ ውስጥ ጀስት ስካን የሚለው ነው። ሶኒ ላይ ስክሪን በሚለው ክፍል ዲስፕሌይ ኤሪያ ይገኛል፤ ፉል ፒክስል ይምረጡ። ፓናሶኒክ ላይ ኦቨርስካን በስሙ ተጽፎ ያገኙታል፣ ኦፍ ያድርጉት። ፊሊፕስ አንስኬልድ ይለዋል፣ ሻርፕ ዶት ባይ ዶት፣ ቶሺባ ኔቲቭ። በሃይሴንስና በቲሲኤል ብዙዎቹ ላይ ፒክቸር ውስጥ ኦቨርስካን የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ።

በገበያችን የበዙት ግን ስማቸው ብዙም የማይታወቅ፣ ውስጣቸው የቻይና ቦርድ የሆኑ ቴሌቪዥኖች ናቸው። እነዚህ ሪሞታቸው ላይ ዙም የሚል ቁልፍ አላቸው። ሲጫኑት 16 በ9፣ 4 በ3፣ ዙም 1፣ ዙም 2 እያለ ይዞራል። ብዙ ሰው 16 በ9 ላይ ሲደርስ “ትክክሉ ይህ ነው” ብሎ ያቆማል። አይቁሙ፤ ይቀጥሉ። ከመጨረሻ አካባቢ ጀስት ስካን ወይም ፖይንት ቱ ፖይንት ሊመጣ ይችላል። 16 በ9 የስክሪኑን ቅርጽ እንጂ ጠርዙ መቆረጥ አለመቆረጡን አይናገርም።

ምርጫው በየትም ካልተገኘ ሁለተኛ መንገድ አለ፤ የመግቢያውን ስም መቀየር። ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ኤችዲኤምአይ ይምረጡ፤ እዚያው ላይ ኤዲት ኔም ወይም ሌብል የሚል ካለ ስሙን ፒሲ ያድርጉት። በሳምሰንግና በኤልጂ ይህ ከስም በላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የሚገባለት ነገር ፊልም አለመሆኑን አውቆ መለጠጡን ይተዋል፣ ፊደሉም ይጠራል። በቆዩ ሳምሰንጎች አንደኛው ቀዳዳ ኤችዲኤምአይ/ዲቪአይ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ኮምፒውተርዎን እዚያ ይሰኩት።

ይህ ቅንብር ለእያንዳንዱ መግቢያ ለብቻው የሚቀመጥ መሆኑን አይርሱ። ኤችዲኤምአይ 1 ላይ ያስተካከሉት ኬብሉን ወደ ኤችዲኤምአይ 2 ሲያዛውሩ የለም። ሪሲቨሩን ለማየት ኬብል ነቅለው ሲመልሱ ጠርዙ እንደገና የተቆረጠባቸው ሰዎች “ተበላሸ” ይላሉ፤ የተለወጠው ቀዳዳው ነው።

አስተካክለው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ የሚመለስ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ከሱቅ መደርደሪያ በወጣበት ሁኔታ ላይ ነው። ሾፕ ወይም ስቶር ዲሞ ይባላል፤ ደንበኛ የነካካውን በራሱ ይመልሳል። ከሴቲንግስ ውስጥ ፈልገው ወደ ሆም ይቀይሩት።

ሪሞት ሲጠፋ

በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጥቶ የተመለሰ ሰው ቴሌቪዥኑን ቢያገኝ ሪሞቱን አላገኘም። ከጎን ወይም ከሥር ያሉት ቁልፎች ድምፅና ቻናል ለመቀየር ይበቃሉ እንጂ ብዙ ጊዜ ወደ ፒክቸር ሳይዝ አያደርሱም። ወልድያ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ለብዙ ዓይነት ቴሌቪዥን የሚሆን ሪሞት ይሸጣሉ፤ ሲገዙ ሞዴሉን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ፎቶ አንስተው ይሂዱ። በሪሞቱ ላይ ዙም፣ ፒ ሳይዝ ወይም ሬሾ የሚል ቁልፍ መኖሩን ዓይተው ይግዙ። አንዳንድ ስልኮችም በራሳቸው ላይ የኢንፍራሬድ መብራት ስላላቸው እንደ ሪሞት ያገለግላሉ፤ ከመግዛትዎ በፊት ጎረቤት ያለውን ስልክ ይሞክሩ።

ስለ ፋብሪካ ሜኑ አንድ ነገር ልበል። በቻይና ቦርድ ቴሌቪዥኖች ላይ በቁጥር ጥምረት የሚከፈት፣ ለጠጋኝ የተሠራ የተደበቀ ሜኑ አለ። እዚያ ውስጥ ኦቨርስካን በየመግቢያው ተዘርዝሮ ይገኛል፤ በሌላ መንገድ ያልተቻለውን ሊያስተካክል ይችላል። ነገር ግን በዚያው ገጽ አጠገብ የስክሪኑን ዓይነት የሚወስን መስመር አለ። እሱ በስህተት ከተነካ ስክሪኑ ይጨልማል ወይም ምስሉ ይገለበጣል፤ የሚመልሱበትን ሜኑም አያዩትም። ስለዚህ ለሚያውቅ ጠጋኝ ይተዉት። ጠጋኙም እያንዳንዱን ገጽ ሳይነካ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሳ።

ቴሌቪዥንዎ ቦርዱ ተቀይሮ ከሆነና ጠርዙ የተቆረጠው ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ በኮምፒውተሩም በዲሹም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ በሪሞት አይድከሙ። አዲሱ ቦርድ የተጫነበት ሶፍትዌር ከስክሪኑ ጋር ላይስማማ ይችላል። ወደ ቀየረልዎ ሰው ይመልሱት፤ ለስክሪኑ የሚስማማውን ሶፍትዌር በፍላሽ መጫን የእሱ ሥራ ነው።

ኮምፒውተሩ በመጨረሻ

ቴሌቪዥኑ ምንም ምርጫ ከሌለው ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ እንሄዳለን። እዚህ የምናደርገው ምስሉን አሳንሶ መላክ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሲለጥጠው ልክ ይመጣል። ጠርዙ ይመለሳል፤ ጥራቱ ግን አይመለስም፣ ምስሉ ሲጠብና ሲለጠጥ ፊደሉ የባሰ ሊደበዝዝ ይችላል። ለዚህ ነው የመጨረሻ ያልኩት። ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት በሁለቱም በኩል ማስተካከል ነው። ቴሌቪዥኑ ከተስተካከለ ኮምፒውተሩ መቀነስ የለበትም፤ ከቀነሰ ዙሪያው ጥቁር ይሆናል።

መሣሪያው የሚገኘው በግራፊክስ ካርዱ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። በአካባቢያችን ያሉ አብዛኞቹ ዴስክቶፖችና ላፕቶፖች የኢንቴል ናቸው። በቆዩት ላይ ዴስክቶፑን ቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ ግራፊክስ ፕሮፐርቲስ የሚል ይመጣል፤ ዲስፕሌይ ገብተው ስኬሊንግ ሥር ካስተማይዝ አስፔክት ሬሾ ይምረጡ፤ አንዱ መንሸራተቻ ስፋቱን፣ ሌላው ቁመቱን ይቀንሳል። በአዲሶቹ ኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር ውስጥ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ስኬል፣ ከዚያ ካስተም ነው። ኢንቪዲያ ካለዎት ኮንትሮል ፓነሉ ውስጥ አድጀስት ዴስክቶፕ ሳይዝ ኤንድ ፖዚሽን፣ ከዚያ ሳይዝ የሚለው ገጽ ላይ ሪሳይዝ። ኤኤምዲ ላይ ኤችዲኤምአይ ስኬሊንግ የሚል አንድ መንሸራተቻ አለ። በምርመራው ጊዜ በአራቱም ዳር ጥቁር ጠርዝ ያዩ ሰዎችም ኤኤምዲ ካላቸው እዚሁ መጥተው ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ቀድሞ ተቀንሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ድራይቨር አልተጫነ ይሆናል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ካዩ ይኸው ነው። የመርሳዋ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ያገኘሁትም ይህን ነው። ዊንዶውሱ ሲጫን ድራይቨሩ ጠፍቷል፤ 1920 በ1080ን መምረጥ ራሱ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ሪሞቱን ከማንሳቴ በፊት ድራይቨሩን ከፍላሽ መጫን ነበረብኝ። በጭፍን የተደረገ ጥገና ችግሩን ሳይነካው ሌላ ችግር የጨመረው እንዲህ ነው።

ቁልፎቹ ተቆርጠው ስለማይታዩ በአይጥ መድረስ ካልቻሉ በኪቦርድ ይሂዱ። የዊንዶውስ ቁልፍ ስታርትን ይከፍታል፤ ከአይ ፊደል ጋር ሲጫኑት ሴቲንግስ ይመጣል። መስኮት ለመዝጋት አልት ከኤፍ 4 ጋር። መስኮቱን ለማንቀሳቀስ አልትና ስፔስ፣ ከዚያ ኤም፣ ከዚያ የቀስት ቁልፎች። ሪዞሉሽን ሲቀይሩ ስክሪኑ ቢጨልም አይደንግጡ፣ ኬብልም አይንቀሉ፤ ምንም ሳይነኩ ከቆዩ ዊንዶውስ ከ15 ሴኮንድ በኋላ በራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ሪዞሉሽንን ዝቅ በማድረግ ጠርዙን ለማምጣት አይሞክሩ። ዝቅ ያለው ምስልም ያው ይቆረጣል።

በቪጂኤ ለሚሠሩ

የቆዩ ሲፒዩዎች ኤችዲኤምአይ የላቸውም፤ ባለ 15 እግሩ የቪጂኤ ኬብል ነው ያላቸው። ቴሌቪዥኑ ፒሲ የሚል መግቢያ ካለው ደስ ይበልዎ፤ በዚህ መንገድ ጠርዝ የሚቆረጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። ምስሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በሜኑ ውስጥ ፒሲ ሴቲንግ ገብተው ኦቶ አድጀስት ይጫኑ። ከመጫንዎ በፊት ስክሪኑን በነጭ ገጽ ይሙሉት፤ ቴሌቪዥኑ ዳሩን የሚፈልገው በብርሃኑ ስለሆነ ጥቁር ጀርባ ያታልለዋል። 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ የራሳቸው ነጥብ 1366 በ768 ነው፤ ኮምፒውተሩ 1366 ወይም 1360 በ768 ካሳየዎት ያንን ይምረጡ፣ ፊደሉ ከሁሉ የሚጠራው እዚያ ላይ ነው። ድምፅ በቪጂኤ አያልፍም፤ ለብቻው ኬብል ይፈልጋል።

ቴሌቪዥኑ የቪጂኤ ቀዳዳ ከሌለው ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ዩኤስቢ ኬብሉን መሰካት አይርሱ፣ ኃይል የሚያገኘው ከዚያ ነው። ጠርዙ ከተቆረጠ መፍትሔው ከላይ ያልነው ነው። ወደ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ኬብል የሚቀይረውን ግን ለሥራ ብለው አይግዙ። በእሱ የሚያልፈው ምስል 576 መስመር ብቻ ነው፤ ለፊልም ይሆናል፣ ደብዳቤ ግን አይነበብበትም።

በሌላ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ሲያሳዩ

ስሪንቃ ወይም ውርጌሳ ላይ ስብሰባ ተጠርተው፣ ወይም ክፍል ውስጥ ለተማሪዎች ላፕቶፕዎን ይዘው ገብተው፣ ሪሞት የሚሰጥዎ ሰው ላይኖር ይችላል። ለእንዲህ ያለው ቀን የድሮዎቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ስላይድዎን ሲያዘጋጁ ከአራቱም ዳር 5 በመቶ ያህል ባዶ ይተዉ፤ ርዕስ ከላይኛው ጠርዝ፣ የገጽ ቁጥር ከታችኛው ጠርዝ አይጠጋ። በሠርግ ላይ ፎቶ የሚያሳዩ ልጆችም ይህን ቢያደርጉ የአያቶች ፊት ከዳር አይቆረጥም።

ከተስተካከለ በኋላ

ጠርዙ ከተመለሰ ሻርፕነስ የሚለውን ይቀንሱ። ለፊልም ተብሎ ከፍ የተደረገው በፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ይሠራል። ጌም ሞድ ካለ ያብሩት፤ አይጧ ወደኋላ መጎተቷን ያቆማል። ብርሃኑን ይቀንሱ፤ ለሳሎን ተብሎ የተሠራ ብርሃን በአንድ ክንድ ርቀት ዓይን ያደክማል። የሚችሉ ከሆነ ቴሌቪዥኑን ራቅ አድርገው ያስቀምጡና በዊንዶውስ ማጉያውን 125 በመቶ ያድርጉት።

ስለ ኬብሉ አደራ የምለው ነገር አለኝ። ብዙ ቤቶቻችን ሶኬት የመሬት መስመር የለውም፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከዲሹ ኬብል ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ሁኔታ ኤችዲኤምአይ በበራበት መሰካትና መንቀል ቀዳዳውን ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለቱንም ከዲቫይደሩ ነቅለው ኬብሉን ያገናኙ፣ ከዚያ ኃይል ይስጡ። በክረምት መብረቅ ከመጀመሩ በፊት የዲሹንም ኬብል ይንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ኃይል ያልተረጋጋ ስለሆነ፣ ስታብላይዘር ከሌለዎት ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ያብሩ።

በመጨረሻም የሠራልዎትን መንገድ በወረቀት ጽፈው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይለጥፉት። ሌላ ሰው ሪሞቱን ሲነካካ ወይም ቅንብሩ ሲጠፋ እንደገና ከመጀመር ያድናል። የመርሳዋ ልጅ በፕላስተር የለጠፈችው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ “ኤችዲኤምአይ 2። ስሙ ፒሲ። ዙም 7 ጊዜ፣ ጀስት ስካን ላይ አቁም። 1920 በ1080። መጀመሪያ ቲቪውን አብራ።”